ሴራሚክ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ በአሲድ ይነሳል?

እስቲ የምታውቁ እርዱኝ። ያለሁት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የሻወር ቤታችን አዲስ ሴራሚክ ላይ የሲሚንቶ ቅሪት ደርቆ ቀርቷል፣ ቢፈገፈግ ቢፈገፈግ አይለቅም። ሠራተኛው «አሲድ ድፉበት» ብሎ በሃይላንድ ሰጠኝ፤ ምንም ጽሑፍ የለውም፣ ክዳኑ ሲከፈት ጭስ ቢጤ ይወጣና አፍንጫ ይሰነፍጣል። አሲዱ ውሃ ላይ እንጂ ውሃው አሲዱ ላይ እንደማይጨመር፣ ከበረኪና ጋር ከተገናኘም መርዛማ የክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣው አውቃለሁ። የጨነቀኝ ሌላ ነው። የበሩ ደፍ እብነ በረድ ነው፣ አሲድ ደግሞ እብነ በረድ ይበላል። መስኮቱ ጠባብ ነው፣ በዚህ ሙቀት ትነቱ ይብሳል። በስንት እጅ ውሃ ላቅጥነው? የመገጣጠሚያውን ሙሊት ሳይጎዳ ስንት ደቂቃ ይቆይ? ከአሲድ ሌላ መላ ካለ እሱን እመርጣለሁ። ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ሃይላንዱን ውሃ መስሏቸው እንዳያነሱት በጣም ፈርቻለሁ።