የጋራ ፋይሎቻችን ያለ ኔትወርክ እንዲከፈቱ፦ ለሐምሌው በጀት የምናቀርበው ዕቅድ

የብድር ክፍል፦

የቁጠባና ብድር ማኅበራችን የዕቅድ ረቂቅ ግንቦት ሳያልቅ ለሥራ አመራር ኮሚቴው መግባት አለበት። ካመለጠን ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት አይያዝም። ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው።

የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የብድር ባለሙያው ላፕቶፑን ይዞ መርካቶ አባሉ ሱቅ ሲደርስ የአባሉ ሒሳብ፣ የዋስትና ውሉና የክፍያ ሰንጠረዡ እዚያው ይከፈትለት። ኔትወርክ ኖረም አልኖረም። ቢሮ ሲመለስ የሞላው ሁሉ ራሱ ወደ ጋራው ፎልደር ይግባ።

አሁን ፋይል የምንቀባበለው በቴሌግራም ነው። የቅርቡ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ለአንድ አባል ሁለት ዓይነት ቀሪ ዕዳ የተነገረው በዚህ ነው። ሰውየው ቁጠባውን አውጥቶ ሄደ። ለምን እንደሄደ ደግሞ ጎረቤት ሱቆቹ ሁሉ ሰምተዋል። ይህ እንዲደገም አልፈልግም።

ኮምፒውተር የሚያግዘን፦

ያሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው።

ጉግል ድራይቭ። 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። ላፕቶፕ ላይ ሲጫን ሁለት አሠራር አለው። አንዱ ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ትቶ ስትከፍተው ብቻ ያወርዳል። ሌላው ሙሉ ቅጂውን ላፕቶፑ ላይ ያኖራል። ካልቀየርከው የሚሠራው በመጀመሪያው ነው። ፋይሎቹ ተደርድረው ስለሚታዩ ያሉ ይመስላል። መርካቶ ሄደህ ስትነካው አይከፈትም። በጉግል ሺት የተሠራ ሰንጠረዥ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ የሚቀመጠው ሊንኩ ብቻ ነው። ከመስመር ውጭ እንዲከፈት አስቀድሞ ክሮም ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ዋንድራይቭ። ነፃው 5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ግን ዊንዶውስ ላይ አብሮ ይመጣል፤ ምልክቱም ግልጽ ነው። ሰማያዊ ደመና ካለበት ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ የለም። ሙሉ አረንጓዴ ክብ ውስጥ ነጭ የራይት ምልክት ካለ ፋይሉ ከላፕቶፑ አይወጣም።

ሲንክቲንግ። ነፃ ነው፤ ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ያለ ማከማቻ) የለውም። ላፕቶፖቹ በቢሮው ዋይፋይ እርስ በርስ ይቀባበላሉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ግድ የለውም። ችግሩ፣ የሚቀባበሉት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ክፍት ሲሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ሁልጊዜ የሚበራ አንድ ኮምፒውተር ይፈልጋል። አንድ ሰው ፋይል ቢሰርዝ ከሁሉም ላይ ይጠፋል፤ የድሮ ቅጂ እንዲያስቀር ካልታዘዘ በቀር።

የትኛውንም ብንመርጥ፣ ሁለት ሰው ከኔትወርክ ውጭ ሆነው አንድ የኤክሴል ፋይል ላይ ቢጽፉ ሁለት ቅጂ ሊወጣ ይችላል። ፕሮግራሙ በትክክል ያዋህደዋል ብለን መተማመን አንችልም። መፍትሔው የአንድ አባል ፋይል በአንድ ባለሙያ እጅ ብቻ መሆኑ ነው።

የኔ ምርጫ ሲንክቲንግ ነው። ሁለት ላፕቶፕ ስጡኝ፤ በዚህ ሳምንት እሞክረዋለሁ። የፎልደሮቹ ስም ለምሳሌ «2026-05-መርካቶ» ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦

በዶላር የሚከፈል ነገር አታምጡብኝ። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በየወሩ በሰው ልክ የሚከፈል ነገር በዚህ ሁኔታ በጀት አይያዝለትም። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ቆሜ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ነፃ ከሆነ እደግፋለሁ።

የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

«2026» የተባለው ምንድን ነው? ይህ ማኅበር ሒሳቡን የሚዘጋው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ደረሰኙ፣ ውሉ፣ ቃለ ጉባኤው ሁሉ 2018 ነው የሚለው። ፎልደሩ ብቻ በፈረንጅ የሚሆንበት ምክንያት አልታየኝም። ይህ ሳይስተካከል አልፈርምም።

ኮምፒውተር የሚያግዘን፦

ጋሼ፣ ምሳሌ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ፋይል የተቀየረበትን ቀን የሚመዘግበው በፈረንጅ ስለሆነ ነው እንደዚያ ያልኩት።

የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

በምሳሌ የገባ ነገር ነው መመሪያ ሆኖ የሚቀረው። ይስተካከል።

አራት ኪሎ ቢሮ፦

እኔ በፈረንጅ ቢሆን እመርጣለሁ። ኤክሴል የእኛን ቀን አያውቅም። ጳጉሜን 3 ብዬ ስጽፍለት እንደ ቃል ነው የሚወስደው። በሁለት ቀን መካከል ያለውን ልዩነት አስላ ስለው እምቢ ይላል። ወለዱን የማሰላው በፈረንጅ ቀን ቀይሬ ነው። ፎልደሩ በእኛ፣ ውስጡ በፈረንጅ ሲሆን የምትሳሳተው ሠራተኛዋ ናት።

የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

አባሉ ውል የፈረመው በእኛ ቀን ነው። ክስ ቢመጣ ፍርድ ቤት የሚያየው ውሉን ነው፣ ኤክሴልን አይደለም።

ሜክሲኮ ቢሮ፦

ስለ ክስ ማን አነሳ? ትልቁ ችግር ሌላ ነው። እኛ ጋ «2017» የሚባል ፎልደር አለ። ቀን በፈረንጅ የሚጽፍ አጋር ድርጅት በነበረበት ጊዜ የተከፈተ ነው፤ ስለዚህ የፈረንጅ 2017 ነው። በእኛ 2009 እና 2010 መሆኑ ነው። አራት ኪሎም «2017» አላቸው፤ እሱ ደግሞ ያለፈው የእኛ ዓመት ነው። ሁለቱ ሲንክ ሲደረጉ፣ ማለት አንድ ላይ ሲያያዙ፣ አንድ ፎልደር ይሆናሉ። ስማቸው አንድ ነዋ! የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው የብድር ፋይል አንድ ላይ ይደባለቃል። ይህንን ያሰበ አለ?

አራት ኪሎ ቢሮ፦

እናንተ ስማችሁን ቀይሩ።

ሜክሲኮ ቢሮ፦

ለምን እኛ? የኛ ቀድሞ ነው የተከፈተው።

አራት ኪሎ ቢሮ፦

የኛ ነዋ በሥራ ላይ ያለው። የእናንተ መዝገብ ቤት የሚገባ ነው። ፒያሳ ሲፈርስ ዕቃችንን ጠቅልለን ወደዚህ ስንመጣ የወረቀት ፋይሉን ያዳንነው እኛ ነን። ስካን ያደረግነውም እኛ። አሁን እንደገና ስም ቀይሩ እንባላለን?

የብድር ክፍል፦

ስለ ፎልደር ስም አንድ መስመር ይበቃል። ኔትወርክ ሲጠፋ ፋይሉ መከፈቱ ላይ እንነጋገር።

የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

አንድ መስመር አይበቃም። ሜክሲኮዎች ያሉት እኮ የኔኑ ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ዘመኑ ካልተጻፈ ፋይል ይደባለቃል። «2018 ዓ/ም» ተብሎ ይጻፍ።

ኮምፒውተር የሚያግዘን፦

ዓ/ም አይቻልም። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ይህችን ሰያፍ መስመር አይቀበልም። «ጽ/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ሰኔ 30/2018» ሁሉም አይገቡም። የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብም (:) እንደዚያው ነው። ማክ ላይ ግን ሰያፏ ትጻፋለች። የኦዲት ረዳቷ ማክ ስለያዘች የሷን ፋይሎች ዋንድራይቭ ላይ ብንጭናቸው አያሳልፋቸውም።

የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

እንግዲያው ዘመን የማያስጽፍ መሣሪያ ነው የመረጥክልን። አንተ ገና ትናንት ነው የገባኸው። እኛ ይህንን ማኅበር በደብተር ስንመራ አንድ አባል ብሩ አልጠፋበትም።

ኮምፒውተር የሚያግዘን፦

እኔ ያለ ክፍያ ነው የምሠራው። የምናገረው ማሽኑ የሚያደርገውን ነው። ትናንት መግባቴ ማሽኑን አይቀይረውም።

አራት ኪሎ ቢሮ፦

ጋሼ፣ ይህ አይባልም። ልጁ በዕረፍት ቀኑ ነው የሚመጣልን።

ገንዘብ ያዥ፦

በደብተሩ ጊዜም ሁለት ዓይነት ሒሳብ ነበር። እኔ አስታውሳለሁ። ወደዚያ አንግባ።

ጸሐፊ፦

ይብቃ። ሁለቱም ያሉት ይያዛል። ስሙ በእኛ ዘመን ይሁን፣ ሰያፍ መስመር አይኑርበት። «ዓም2018-09-መርካቶ»። ዘጠኙ ግንቦት ነው። የጳጉሜን ቁጥር 13 ይሆናል፤ በቁጥር ስለሆነ ቅደም ተከተሉን አይስትም። የሜክሲኮው አሮጌ ፎልደር «ፈረንጅ2017» ይባል። የሚቀይሩት ሜክሲኮዎች ናቸው፤ አራት ኪሎ አንድ ሰው ይላክላቸውና ያግዛቸው። በኤክሴሉ ውስጥ ሁለቱም ቀን በሁለት ዓምድ ይቀመጥ።

የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

በዚህ እስማማለሁ። ልጁም ሥራውን ይቀጥል። ችሎታውን አልነካሁም።

ሜክሲኮ ቢሮ፦

«ሒሳብ» የሚለውስ በየትኛው ሐ ነው? እኛ ጋ በሐመሩ ሐ የተጻፈ አለ፣ በሃሌታውም አለ። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፍለጋ ላይ አንዱን ስትጽፊ ሌላው አይወጣም።

ጸሐፊ፦

በሐመሩ ሐ። አልቋል።

የብድር ክፍል፦

ላፕቶፖቹን ካስረከብን ቆየን። ሙከራው የት ደረሰ?

የብድር ክፍል፦

የሚመልስ የለም?

አራት ኪሎ ቢሮ፦

ልጁ አልመጣም። ስልኩም አይነሳም። ላፕቶፖቹ ካቢኔት ውስጥ ተቆልፈዋል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አንዱ ላይ ሲንክቲንግ ተጭኗል፣ ሌላው ላይ ምንም የለም።

የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

ዛሬ ደውዬለታለሁ፣ አላነሳም። አባቱን ስለማውቃቸው በእሳቸው በኩል እሞክራለሁ።

ሜክሲኮ ቢሮ፦

እሱ እስኪመጣ አንድ ነገር ላንሳ። የሁሉ አባል መታወቂያ ቅጂ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የዋሱ ስም በየላፕቶፑ ላይ ሊሆን ነው። ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅስ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የአባል መረጃ ቢወጣ የምንጠየቀው እኛ ነን።

አራት ኪሎ ቢሮ፦

እውነት ነው። ዲስኩ መቆለፍ አለበት። ዲስክ የሚቆልፈው ቢትሎከር የሚሟላው ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ነው፤ የእኛዎቹ አብዛኞቹ ዊንዶውስ ሆም ናቸው። ገሚሱ ደግሞ ገና ዊንዶውስ 10 ላይ ናቸው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሞለታል።

ገንዘብ ያዥ፦

አሁን ስለ አዲስ ላፕቶፕ ልታወሩ ነው። አይቻልም። እኔ የምችለው አንድ ነገር ነው። ሁልጊዜ የሚበራው ኮምፒውተር ዋናው ቢሮ ይገዛ። ፋይሉ ሁሉ እዚያ ይቀመጥ፣ ክፍሉ ይቆለፍ። መረጃ ከቢሮ ካልወጣ አይሰረቅም።

ጸሐፊ፦

ለሱም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚይዝ ባትሪ) ያስፈልገዋል። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ በድንገት ሲዘጋ ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ ብቻ ለደቂቃዎች ነው፤ ኢንቨርተርና ባትሪ ቢሆን ግን ሙሉ ቀን ይይዛል። ያን ጊዜ ፕሪንተሩም ዋይፋዩም ይሠራል። አባል ቢሮ መጥቶ መብራት የለም ተብሎ አይመለስም።

የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ፦

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለጉባኤውም ይገባዋል። ባትሪ የሚታይ ንብረት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦

በቋሚ ንብረት መዝገብ ስለሚገባ እኔም ይቀለኛል። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይምጣ።

የብድር ክፍል፦

ቆይ። መረጃ ከቢሮ ካልወጣ መርካቶ ያለው ባለሙያ ምን ይዞ ነው አባሉ ፊት የሚቆመው? የተነሳነው ፋይሉ ከሰውየው ጋር እንዲሄድ ነው። አሁን የያዝነው ፋይሉ ቢሮ ውስጥ እንዲቆለፍ ነው። ባትሪው ይገዛ፤ ጥሩ ነው። ግን ባትሪው መርካቶ ያለውን ሰው አያግዘውም። ባለሙያው የሚይዘው የራሱን አባላት ፋይል ብቻ ይሁን፣ የመታወቂያው ቅጂ ቢሮ ይቅር። ወደ ሜዳ ለሚወጡት ላፕቶፖች ብቻ ዊንዶውስ ፕሮ ይገባ፣ ዲስካቸው ይቆለፍ። ወጪው ከባትሪው ጋር አይወዳደርም።

ጸሐፊ፦

ሐሳብህ በረቂቁ ሁለተኛ ገጽ «በቀጣይ የሚታይ» በሚለው ሥር ገብቷል። ርዕሱ አሁን «የዋና ቢሮ የኮምፒውተርና የኃይል አቅርቦት ማሻሻያ» ነው።

የብድር ክፍል፦

ሁለተኛ ገጽ ላይ የገባ ነገር በዚህ ማኅበር ተሠርቶ አያውቅም። አንደኛ ገጽ ላይ ካልመጣ ከብድር ክፍል ፊርማ አይኖርም።

ጸሐፊ፦

ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ረቂቁ ይገባል። እስከዚያ በአንድ አንቀጽ ጽፈህ ላክልኝ፤ ከባትሪው ቀጥሎ አስገባዋለሁ። ፕሮፎርማ የሚያመጣው ማን ነው?

ሜክሲኮ ቢሮ፦

እኛ እናመጣለን። ለዋናው ቢሮ ባትሪ ከተያዘ ግን ለሜክሲኮም ይያዝ። መብራት እዚህ ነው የሚብሰው።