«ኢሞ» አለችኝ፣ እኔም ስልክ ይዤ ጠበቅኳት — የልጆቹን ምህጻረ ቃል እንዴት ነው የምትፈቱት?

ጡረተኛዋ ታይፒስት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። መጀመሪያ ሳቁና ጨርሱ፣ ከዚያ ትመልሱልኛላችሁ።

የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ አሥራ አራት ሰው ነን። እኔ አዲስ አበባ፣ ታላቅ ወንድሜ ደሴ፣ የእሱ ልጅ ሜሪላንድ፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። በቀደም ወንድሜን ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ሐኪሙ «ይገፈፍ» አለው። እዚያው ደሴ ይሁን፣ አዲስ አበባ ይምጣ እያልን ስንጨቃጨቅ የሜሪላንዷ ልጅ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኢሞ» ብላ ጀመረችና «አባዬ አዲስ አበባ ቢታከም ይሻላል» ብላ ጨረሰች።

እኔ ምን ልረዳ? ኢሞ ማለት ኢሞ ነው። ጅዳ ያለችው ልጃችን ስንት ዓመት ፊቷን በስልክ የምታሳየን በዚያ አፕ አይደል? በኢሞ እንነጋገር ማለቷ ነው ብዬ «እሺ፣ ማታ 3 ሰዓት» አልኩ። ጅዳዋም «እመቤቴ ከተኛች እኔም እገባለሁ» አለች። ከሜሪላንድ መልስ የለም። ዝምታ እሺታ ነው ብዬ ተውኩት።

ለወትሮው ከ2 ሰዓት ዜና በኋላ የምተኛ ሴት፣ ጋቢ ተከናንቤ ስልኬን ሶኬት ላይ እንደሰካሁ ተቀመጥኩ። 3 ሆነ፣ 4 ሆነ። ጅዳዋ በየአሥር ደቂቃው «ገባች?» ትለኛለች። 5 ሰዓት ሲሆን እሷም ሌሊት 11 ሰዓት ተነሺ ናትና ይቅርታ ጠይቃ ተኛች። እኔ ግን ዓይኔ እምቢ አለ። «አሜሪካ ገባሁ ብላ አክስቷን ደጅ ታስጠናለች» ብዬ ሦስት ቀን ኮረፍኳት። እሷ እቴ፣ መኮረፌንም አላወቀች። የበለጠ ያንገበገበኝ ይኼ ነው።

በአራተኛው ቀን «ቲ-ቢ-ኤች በጣም ደክሞኛል» ብላ ጻፈች። የእኔ ዘመን ሰው ቲቢንና ድካምን አንድ መስመር ላይ ሲያነብ ምን እንደሚያስብ አትጠይቁኝ። ኤች ሲጨመርበት ደግሞ ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ቲቢና ኤችአይቪ ጎን ለጎን ተጽፈው ያየሁት ድቅን አለብኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ለእናቷ ልደውል ቁጥሩን እየነካሁ የጎረቤቴ ልጅ ገብቶ አስጣለኝ፤ «እውነቱን ለመናገር» ማለት ነው አለኝና እየሳቀ ወጣ። የሌሎቹን ሳይነግረኝ!

ምህጻረ ቃል የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጡረታዬ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በደርግ ጊዜ የሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ ኢሠፓአኮ፣ «አኮ»ው ወድቆለት ኢሠፓ ሲሆን በዚሁ ጣቴ መትቼዋለሁ። የአማርኛ መኪና ብዙውን ፊደል ገላውን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ ነበር የሚያስመታን፤ «ትምህርት ቤት» ብሎ ከመጨረስ «ት/ቤት» ጣት ያሳርፋል። ግን የእኛ ሲያጥር ጭራውን ይተውልሻል። ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ዲ/ን፣ ኮ/ል ስትይ ራስም ጭራም አለ፤ መሐሉን ትሞይዋለሽ። መ/ቤት፣ ፍ/ቤት ከሆነ አንዱን ቃል ሙሉውን ትቶልሻል። የልጆቹ ግን የየቃሉ ራስ ብቻ ተቆርጦ የተደረደረበት ነው። ገላው የት እንደገባ የሚያውቀው ቆራጩ ብቻ።

እና ጥያቄዬ፣ ይኼን የሚፈታ ነገር የት ይገኛል? ባይገኝስ፣ በአሥራ አራት ሰው ፊት «ምን ማለትሽ ነው?» ማለት ነውር ይሆን? እፍረቱን እችለዋለሁ። ልጆቹ «ለአክስቴ አይገባትም» ብለው እኔ ባለሁበት ማውራት እንዳይተዉ ነው የፈራሁት።

ስልክ ጠጋኙ፦

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀኔን አደመቁልኝ። ሱቄ ውስጥ በቀን አንድ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ስልኩ ደህና ነው፣ የተበላሸው ወሬው ነው።

ያ «ኢሞ» ብለው ያነበቡት አይኤምኦ ነው፤ «በእኔ አስተያየት» ማለት ነው። አይዲኬ «አላውቅም»። ኤንቪኤም «ተወው፣ ግድ የለም»። ቲቲዋይኤል «በኋላ እናወራለን»። ኤስኤምኤች ራስ መነቅነቅ ነው፣ እኛ «ኧረ ወዲያ» እንደምንለው። ኤልኦኤል ሳቅ ነው፤ አደራ ለቅሶ ላይ እንዳይልኩት። አንድ ደንበኛዬ የፍቅር ሰላምታ መስሎት መርዶ ሥር ልኮት የአክስቱ ልጆች እስከ ዛሬ አያናግሩትም።

ነገሩ የመጣው ቦታ ከመቆጠብ ነው። የድሮው አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ቁምፊ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ 70 ብቻ። የእኛ ፊደል አናባቢውን በሆዱ ስለያዘ ትንሽ ይካካሳል እንጂ አይደርስበትም። ያኔ ደግሞ አብዛኛው ቀፎ የግዕዝ ፊደል አልነበረውም። ከ97ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የነበረው መልእክት ሚሊኒየሙ ሲብት ሲከፈት እኛም «ሰላም»ን አናባቢዎቿን አራግፈን ኤስ፣ ኤል፣ ኤም ብቻ እንልክ ነበር። ለሳንቲም ብለን ነው። ዛሬ ቴሌግራም ቁምፊ አይቆጥርብንም፣ እጃችን ግን ለመደ።

ቅመም፦

ለዚህ ሁሉ ድርሰት? ጎግል አታደርጊም?

ጡረተኛዋ ታይፒስት፦

አደረግሁ ልጄ። ኢሞ ብዬ ብፈልግ «አፑን አውርጂ» አለኝ። አለኝ እኮ!

ቅመም፦

😂 እሺ፣ ተሸነፍኩ። ይቅርታ እማማ።

ዲያቆኑ፦

እናታችን፣ ስለ ራስና ጭራው ያሉት ደስ ብሎኛል፤ ግን በአንድ ነገር ልሟገትዎ። ራስ ብቻ መቁረጥ የልጆቹ ፈጠራ አይደለም። መጽሐፈ ቅዳሴ ይክፈቱ፦ ይ.ካ.፣ ይ.ዲ.፣ ይ.ሕ.። ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ማለት ነው፤ ጭራ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ልጅ ሆኜ ይ.ሕ.ን «ይህ» ብዬ ነበር የማነበው። አንድ ቀን ከፊቱ ያለውን ከዜማው ጋር አጣብቄ «ይህ!» ብዬ ስጮህ የኔታ መቋሚያቸውን ጣል አድርገው ሳቁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። አልተረሳኝም።

የልጆቹ ችግር አጠገባችሁ የኔታ አለመኖሩ ነው እንጂ አቆራረጡስ የአባቶቻችን ነው።

የሲያትል ልጅ፦

እኔ የወንድምዎ ልጅ ብሆን ይኼን አንብቤ አለቅስ ነበር 🙈 አክስቴ ልበልዎት?

ስለ እኛ ልንገርዎ። ሆን ብሎ ሰው ለመዝጋት በምህጻረ ቃል የሚጽፍ የለም። ቀኑን ሙሉ ሥራ ቦታ በእሱ ስንጻጻፍ ውለን፣ ባቡር ውስጥ ቤተሰብ ግሩፕ ስንከፍት እጃችን እንደሞቀ ነው። አማርኛውን በአማርኛ እየጻፍን እንኳ መግቢያው ላይ አንዷ ምህጻረ ቃል ትገባለች።

ግን በተራችን እኛም ተቃጥለናል! እዚህ ተወልጄ አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። «ወ/ሮ»ን ለረጅም ጊዜ «ወሮ» ብዬ አንብቤያለሁ፤ የእናቴ ጓደኞች ሁሉ አንድ ስም መጋራታቸው ይገርመኝ ነበር። አባቴ አንድ ጊዜ የላከልኝ ወረቀት ላይ «ኃ/የተ/የግ/ማ» ይላል። እሱን ለመፍታት ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስተኛው ነው «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ያለኝ። እ.ኤ.አ. ደግሞ የሆነ መሥሪያ ቤት ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያወቅኩት ኮሌጅ ገብቼ ነው።

ስሜንማ አያንሱት። የአያቴ ስም አገር ቤት በወጣ ወረቀት ላይ ገ/መድኅን ተብሎ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛውም እንደዚያው ጂ፣ እዝባር (/)፣ መድኅን። እዚህ ፎርሙ እዝባር አይቀበልም። ኮምፒውተሩ እዝባሯን ዋጣትና መድኃኒት ልወስድ ስሄድ «ሚስ ጂመድኅን» ብለው ይጠሩኛል። «ገብረ» የምትለውን መልሼ ለማስገባት ፍርድ ቤት ሂጂ ተባልኩ። ትቼዋለሁ፣ ለጂመድኅን አቤት እላለሁ።

ለብቻዋ በውስጥ መስመር ይጠይቋት። እኔ ብሆን ደስ ነው የሚለኝ፤ አክስቴ የጻፍኩትን ሁሉ ታነበዋለች ማለት ነዋ።

አስተማሪው፦

ግሩፕ ላይ ይጠይቁ ባይ ነኝ። በወላጆች ግሩፓችን አንድ አባት ወጥተው «ም/ር/መ/ር ብሎ የሚፈርመው ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ። ምክትል ርእሰ መምህሩ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በሙሉ ነው የምጽፈው። ያን ቀን ደግሞ በሆዳቸው ይዘውት የነበሩ ሰባት ወላጆች «እኛም አላወቅነውም ነበር» አሉ።

ጡረተኛዋ ታይፒስት፦

ተመለስኩ። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፤ የስልክ ጠጋኙን ዝርዝር በወረቀት ገልብጬ ቡፌው መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። ዲያቆን፣ ይ.ሕ.ን ሳነብ አንድ ዕድሜ ከመጽሐፉ ሥር ቆሜ እንዳላየኋት ታወቀኝ። ተረታሁ።

እንደ ሲያትሏ ልጄ ምክር በውስጥ መስመር ጠየቅኳት። መጀመሪያ የሳቅ ምስል ደረደረች። ቀጥሎ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ እዚያ ገና ቀን ነው፣ ስልኬ ጮኸ። በምን ብትሉ በኢሞ! ለዚሁ ብላ አውርዳው። ጅዳዋንም አስገባናት፤ ኩሽና ውስጥ በሩን ዘግታ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው፣ ሳቋን በሻርፗ እያፈነች። ሦስት ቀን መኮረፌን ስነግራት የሜሪላንዷ «እኔ እኮ ሥራ በዝቶብሽ መስሎኝ» አለች። የወንድሜም ነገር እዚያው ተቆረጠ፤ አዲስ አበባ መጥቶ እኔ ዘንድ ሆኖ ሊገፈፍለት ነው።

በማግስቱ ግሩፑ ላይ ለሐኪም ቤቱ ገንዘብ መላኳን አሳወቀች። እኔም የመኪና ጽሕፈት ልማድ ይዞኝ «እ.ይ.» ብዬ መለስኩላት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለቴ ነው። ደቂቃ አልቆየች፦

«አክስቴ እ.ይ. ምንድነው? እንደ እ.ኤ.አ. ነው? ዓመት ነው?»

እስከ ማታ አልነገርኳትም።