«ጄለሲ» እና «ኤንቪ»፦ ሁለቱም ቅናት ናቸው?

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩት ባለ ታሪክ ውስጥ «ጄለሲ» እና «ኤንቪ» በአንድ ዐረፍተ ነገር ጎን ለጎን መጡብኝ። ሁለቱንም «ቅናት» ብላቸው ሐሳቡ ይጠፋል። ሁለተኛውን «ምቀኝነት» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አያስኬድም። ኤንቪ ሌላው ያገኘው፣ እኔ ግን ያጣሁት ነገር ሲያንገበግበኝ ነው፤ ሹመቱ፣ መልኩ፣ ድምፁ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሁለት ሰው ይበቃል። ጄለሲ ደግሞ የእኔ የምለውን ሌላ እንዳይወስድብኝ መስጋት ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛ ሰው አለበት። ባል ሚስቱን እንዳይነጠቅ ቢሠጋ ጄለሲ ነው፤ ያው ሰው የጓደኛውን ትዳር እያየ ቢብሰለሰል ኤንቪ ነው።

የእኛ «ቅናት» ሁለቱንም ይይዛል። ኦሪት ዘፍጥረት የዮሴፍ ወንድሞች «ቀኑበት» ሲል ኤንቪ ነው፤ ኦሪት ዘፀአት «ቀናተኛ አምላክ» ሲል ግን ጄለሲ ነው። ይህ የአማርኛ ድህነት አይደለም። በዕብራይስጡም የሁለቱም ቃላት ሥር አንድ ነው፤ ከግእዙ «ቀንአ» ጋርም ይገናኛል። («ሥራው ቀናው» የምንለው ከሌላ ሥር፣ ከ«ቀንዐ» ነው፤ አማርኛ «አ»ን እና «ዐ»ን በድምፅ ስለማይለይ ተመሳሰሉ እንጂ።)

«ምቀኝነት» ግን ከኤንቪ አልፎ ይሄዳል። ኤንቪ የያዘው ሰው «ምነው ለእኔም በኖረኝ» ብሎ ሊያበቃ ይችላል። ምቀኛ እሱ ባያገኘው እንኳ የሌላው እንዲጠፋ ይመኛል፤ ሲብስም መሰናክል ያስቀምጣል። እንግሊዛዊ ወዳጁን በኤንቪ ግሥ ሲያሞግሰው «እመቀኝሃለሁ» ብለን ብንተረጉም ሙገሳው ዛቻ ይሆናል። «ታስቀናለህ» ነው የሚባለው።

ሌላ አስተያየት፦ በጎውንም ጎን አንርሳ። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል «ሬቶሪክ» በተባለው ሥራው 2ኛ መጽሐፍ «ፍቶኖስ» የሚለውን የግሪክ ቃል ከ«ዜሎስ» ይለያል፤ የመጀመሪያው ሌላው በማግኘቱ መከፋት፣ ሁለተኛው እሱ የደረሰበት ለመድረስ መነሣሣት ነው። «መንፈሳዊ ቅናት» የምንለው ይህን ሁለተኛውን ነው። የሚገርመው፣ ጄለሲ በላቲንና በፈረንሳይኛ አልፎ የመጣው ከዚሁ «ዜሎስ» ነው። ኤንቪ ግን «በክፉ ዐይን ማየት» ከሚል የላቲን ግሥ ስለመጣ ጥላው ከጥንትም አለ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ወጣቶቹ ጓደኛቸው ለዕረፍት ሲሄድ «ጄለስ ነኝ» የሚሉት?

መልስ፦ በንግግር ጄለሲ የኤንቪን ቦታ ይወስዳል፤ የተለመደ ነው። ተገላቢጦሹ ግን የለም፤ ለትዳሩ የሠጋ ሰው በኤንቪ አይናገርም። ስለዚህ «ጄለስ» ስታገኝ ሦስተኛ ሰው መኖሩን አጣራ። በአማርኛም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ «በእህቷ ትቀናለች» ብሎ መተው አንባቢን ያሳስታል። እህቷን እንዳይወስዱባት ነው ወይስ እህቷ ስላማረባት? ያንተ ዐረፍተ ነገር ምን ይላል?

ጠያቂው፦ ሴትዮዋ ጄለሲዋ ለባሏ፣ ኤንቪዋ ለእህቷ ውበት ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ስሞቹን ትተህ በግሥ ጻፈው፦ «በባሏ ትቀናለች፤ የእህቷ ውበትም ያንገበግባታል።» እህቷን የመጉዳት ሐሳብ ታሪኩ ውስጥ ካለ ብቻ «ትመቀኛታለች» በል።