ልጓም ሲያይ የሚሸሽ ፈረስ እንዴት ይገራል?

ጥያቄ (ከባንጃ)
ፈረስ የምታውቁ ሰዎች፣ ምክራችሁን እሻለሁ። አምና የገዛሁት ዳማ ፈረስ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ሳር ይዤ ስጠራው ይመጣል፤ ጋማውን ሳክለት ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ይቆማል። ልጓም ካየ ግን ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አንገቱን ሽቅብ ይሰቅላል። ጎረቤቶቼ «አፍንጫውን በገመድ ጠምዝዘህ አጉርሰው» ይላሉ፤ እኔ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። አያቴም አባቴም ፈረሰኞች ስለነበሩ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ልሰለፍበት እመኛለሁ። ሳይደበደብ የሚገራበት መንገድ አለ?

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)
በቅድሚያ አፉን ተመልከት። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ በየተራ ይለውጣል። ድዱ ያበጠ ፈረስ ብረት የሚሸሸው ስለሚያመው ነው እንጂ አመለኛ ሆኖ አይደለም። ምላሱንና የከንፈሩን ጥግም እይ፤ ጠባሳ ካለ የቀድሞው ልጓም ጎድቶታል።

መልስ (ከዳንግላ)
ልጄ፣ ልብህ እውነቱን ነግሮሃል። አፍንጫው የተጠመዘዘ ፈረስ ብረቱን ይጎርሳል፤ ነገር ግን እጅህን መፍራት ይጀምራል፤ ያንን ፍርሃት ማስለቀቅ ደግሞ ከመግራቱ ይብሳል።

ፊት ለፊት አትሂድበት፤ ግንባሩ ሥር ያለውን አያይም። በግራ ትከሻው በኩል እያናገርኸው ቅረብ። ገብሱን ስትሰጠው ልጓሙ ክንድህ ላይ ይንጠልጠል፣ ያሽተው። ከዚያ ጠፍሩን ጉንጩ ላይ አሳርፍና እሱ ራሱን ሳይነቅል አንተ ቀድመህ አንሣው። ፈረስን የሚያስተምረው ማንሣቱ ነው፤ ዝም ብሎ በቆመ ቁጥር ነገሩ እንደሚቀልለት ያውቃል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ አፉን ማላመጥ ሲጀምር የዕለቱን ሥራ አቁም።

የምታጎርሰው ቀን ሲደርስ ብረቱን በእጅህ አሙቀው፤ የእኛ አገር የጥር ማለዳ ብረት ያቃጥላል። ማር ቀባ አድርግበት። አውራ ጣትህን ጥርስ በሌለበት በከንፈሩ ጥግ አስገባ፤ ራሱ ይከፍትልሃል።

ስለ ጥር 23 አትቸኩል። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ለከርሞም ይኖራል። ዘንድሮ ሳትጭነው ስበህ ውሰደው፤ ከዳር ቆማችሁ ሆታውንና እልልታውን ይልመድ። ሲደነግጥ አንተን ካየ፣ ያን ጊዜ ፈረስህ ሆኗል።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ። ዛሬ አፉን አየሁት፤ በግራ በኩል የከንፈሩ ጥግ ቆስሏል። እስኪድን ሥራ ላቁም?

ሐኪሙ
ብረት ብቻ አታስገባበት። በራስ ገመድ እየሳብህ አብራችሁ ሂዱ፣ ስትቆም መቆምን፣ ስትዞር መዞርን ይማር። ቁስሉን በንጹሕ የጨው ውሃ እጠብለት፤ መግል ከያዘ ወደ እንስሳት ጤና ጣቢያ ውሰደው። አዲስ ልጓም ስትገዛ አፍ የሚገባው ብረት ወፍራምና ለስላሳ ይሁን፤ ቀጭኑ ይቆርጣል።