ለዊንዶውስ 10 መጫኛ ፍላሽ አፕዴቶቹን በሙሉ እንዴት ላሰባስብ?

የአቶቴው ጠጋኝ (ሐዋሳ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። አንድ ትምህርት ቤት የላቡን 22 ኮምፒውተሮች ፎርማት እንዳደርግለት ሰጥቶኛል። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ የላቸውም፣ ስለዚህ ለዊንዶውስ 11 አይሆኑም። የምጭነው ዊንዶውስ 10፣ 22ኤች2 የሚባለውን ስሪት ነው።

ጭንቄ ከተጫነ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ማሽን አፕዴት ላውርድ ይላል። ላቡ ውስጥ ያለው ኢንተርኔት ደግሞ የስልኬ ሆትስፖት ብቻ ነው። ሦስቱን ስጨርስ የሳምንት ፓኬጄ በአንድ ቀን አለቀ። በመሃል መብራት ሄዶ አንዱን እንደገና ከዜሮ ጀመርኩት።

ስለዚህ አፕዴቶቹን አብሮ የያዘ የራሴን መጫኛ ላዘጋጅ ተነሳሁ። ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ፣ በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ የየወሩን እያወረድኩ ነው፣ ሌሊት ሌሊት። 11 ፋይል ደርሻለሁ። አዲሱን ወስጄ በዲዝም (የመጫኛ ፋይል በሚያስተካክለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ) ኢንስቶል.ዊም በሚባለው፣ ዊንዶውሱን በያዘው ፋይል ላይ ልጨምር ስል ግን መጨረሻው 0823 የሆነ ስህተት ይመጣል። ምን ጎደለኝ? ልጆቹ ላቡ ከተዘጋባቸው ሁለተኛ ሳምንታቸው ነው፣ በጣም ከንክኖኛል።

የናዝሬቱ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማውረዱን አቁም። ዳታህ ያሳዝናል።

የዊንዶውስ 10 ወርሃዊ አፕዴት ድምር ነው። የመጨረሻው ፋይል የቀደሙትን ሁሉ ይዟል። ነፃ ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። የዚያን ቀን የወጣው ኬቢ5066791 ይባላል። እሱን ብቻ ያዝ፣ የ64 ቢቱን።

ስህተቱ የመጣው አይኤስኦህ፣ ማለትም ያወረድከው የዊንዶውስ መጫኛ፣ የቆየ ስለሆነ ነው። ሰርቪሲንግ ስታክ የሚባለው፣ አፕዴቱን የሚጭነው ክፍል ራሱ አርጅቷል። አይኤስኦው በፈረንጆቹ ከጁላይ 2023 መጨረሻ በፊት የተሠራ ከሆነ አስቀድመህ ኬቢ5031539ን ጨምር። ትንሽ ፋይል ናት። ከዚያ ትልቁን አስከትል።

በዊንዶውስ 7 ጊዜ እኔም እንዳንተ ለቅሜያለሁ። ያኔ አፕዴቶቹ የተበታተኑ ስለነበሩ አንድ በአንድ መሰብሰብ ግድ ነበር። በፈረንጆቹ 2016 ኬቢ3125574 የሚባል ጥቅል ሲወጣ ነው እፎይ ያልነው። እሱም ቢሆን ኬቢ3020369 ካልቀደመው አይገባም ነበር። ቅደም ተከተል ዱሮም ዘንድሮም ያው ነው።

ላብ ረዳቷ

የናዝሬቱ ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ዊም ፋይሉ ውስጥ ሆም፣ ፕሮ፣ ኤዱኬሽን የሚባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች ለየብቻ ነው የተቀመጡት። አንዱን ከፍተህ የጨመርከው አፕዴት ለሌላው አይደርስም። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ቀን አቃጥያለሁ፤ አፕዴቱን ሆም ላይ ጨምሬ ስጭን የነበረው ፕሮ ነበር። የምትፈልገው ፕሮ ብቻ ከሆነ እሱን ብቻ ኤክስፖርት አድርገህ (ወደ ሌላ ፋይል ለይተህ) እሱ ላይ ሥራ። ፋይሉም ይቀንስልሃል። በኢንስቶል.ዊም ፋንታ ይበልጥ የታመቀውን ኢንስቶል.ኢኤስዲ ካገኘህም መጀመሪያ ወደ ዊም ቀይረው።

የዶት ኔት (ብዙ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት የዊንዶውስ ክፍል) አፕዴት ለብቻው ስለሆነ እሱን መጨረሻ ላይ ጨምር። ዊሙ ከ4 ጊጋ ካለፈ ደግሞ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አይቀበለውም። በዲዝም ከፋፍለህ በኤስደብሊውኤም አስቀምጠው፣ መጫኛው ያነበዋል። እባክህ ኮሚት ስታደርግ፣ ማለትም ለውጡን ዊሙ ላይ ስታስቀምጥ፣ ላፕቶፕ ላይ ይሁን። መብራት ቢሄድ ዊሙ ይበላሽብሃል።

የአቶቴው ጠጋኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። አይኤስኦዬ የ2022 ነበር። ኬቢ5031539ን ሳስቀድም ትልቁ ያለ ምንም ስህተት ገባ። እህቴ፣ እንዳልሽኝ ፕሮን ብቻ ለየሁት። ያም ሆኖ ከ4 ጊጋ አለፈ፣ ለሁለት ከፈልኩት።

ዛሬ ጠዋት አንዱን ማሽን ያለ ኢንተርኔት ጫንኩ። የዊንዶውሱን ስሪት የሚያሳየውን ዊንቨር ስከፍት 19045.6456 ይላል፣ የኬቢ5066791 ቁጥር። በደስታ የላቡን ኃላፊ ጠርቼ አሳየኋቸው። የዲፌንደር የቫይረስ መለያው ብቻ አሮጌ ነበር፤ እሱን አንዴ አውርጄ በፍላሽ አስገባሁት።

18 ይቀሩኛል። ነገ በጠዋት ላቡ ነኝ።