ሜጀሩ ታሪክ ነው፤ ማይነሩ የሚያበላ ይሁን ወይስ የሚያስነብብ?

ጠያቂዋ፦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክን ሜጀር (ዋና ትምህርቴ) ለማድረግ ወስኛለሁ። እሱ ላይ አልደራደርም። የከበደኝ ማይነሩ (ከጎኑ የምወስደው ሁለተኛ ትምህርት) ነው። ቤተሰብ «ታሪክሽን ተማሪ፣ ግን በማይነሩ እንጀራ የሚሆንሽ ነገር ያዢ» ይለኛል። አካውንቲንግ ወይም ኮምፒውተር ማለታቸው ነው። የእኔ ልብ ያለው ግን ግእዝ ላይ ነው። የማጠናው ዘመን ሰነዶች በእሱ ነው የተጻፉት። የቱ ይሻላል? ሳትሸነግሉ ንገሩኝ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ቤተሰብሽ ልክ ናቸው። እኔ የተመረቅሁት በፍልስፍና ነው፣ ማይነሬ ሥነ ጽሑፍ ነበር። ሁለቱንም ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ግን ከተመረቅሁ በኋላ 2 ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጥሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን መሥራት ትችላለህ?» ሲሉኝ አፌ ይያዛል። ታናሽ እህቴ የትራንስፖርት ስትጠይቀኝ ኪሴን ዳብሼ ዝም ያልኩበት ቀን አይረሳኝም። በመጨረሻ አካውንቲንግን በማታ ከዜሮ ጀመርኩ። ያኔ 5 ወይም 6 ኮርስ ብቻ ወስጄ ቢሆን ያን ሁሉ አላይም ነበር።

መምህርቷ (ፊሎሎጂ፣ የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት)፦ ወንድሜ፣ ያየኸውን ማንም አያቃልልብህም። እሷ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። ታሪክ ማንበብ አንድ ነገር ነው፣ ታሪክ መሥራት ሌላ። የሚሠራው ሰው ምንጩን ራሱ ማንበብ አለበት። በትርጉም ብቻ ከሄደ ተርጓሚው ያየለትን ብቻ ያያል።

መጽሐፈ ሄኖክን እዩ። ሙሉው የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች የተገኘው የአራማይክ ቅጂ ቁርጥራጭ ነው፤ የግሪኩም ከፊሉ ብቻ ነው የተረፈው። ስለዚህ የጥንት አይሁድን አስተሳሰብ በዚያ መጽሐፍ በኩል የሚያጠና ሰው፣ የትም ይወለድ የት፣ የግእዝን ደጅ ይጠናል።

«አማርኛ ስለምችል ግእዙን በኋላ እደርስበታለሁ» ብለሽም እንዳትዘናጊ። «ነበረ» የምትለዋን አንዲት ቃል ውሰጂ። ለአማርኛ ጆሮ ያለፈ ነገር ብቻ ነች። በግእዝ ግን «ተቀመጠ»፣ «ኖረ» ማለት ናት። «መንበር» የመጣው ከዚሁ ነው። ተማሪዎች ንጉሡ ዙፋኑ ላይ መቀመጡን የሚናገር መስመር ይሰጣቸውና «ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ነበር» ብለው ያልፋሉ። ንጉሡ የነገሠበት ወሬ በአንዲት ቃል ይጠፋል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ሁሉ ያለ ማይነርም መማር ይቻላል። ማይክል ቬንትሪስ አርክቴክት ነበር። ሊኒየር ቢ የሚባለውን የቀርጤስና የግሪክ ጥንታዊ ጽሕፈት እ.ኤ.አ. በ1952 ፈታው። ፍቅሩ ያለው ሰው በትርፍ ጊዜውም ይደርስበታል።

መምህርቷ፦ ቬንትሪስን ማንሳትህ ጥሩ ነው። ግን ብቻውን አልነበረም። ከእሱ በፊት አሊስ ኮበር የምትባል የክላሲክስ (የጥንታዊ ግሪክና ላቲን ትምህርት) መምህርት ነበረች። ቃላቱ መጨረሻቸው ላይ እንደሚለዋወጡ በማስረጃ ያሳየችው እሷ ነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወረቀት ሲጠፋ ከሰላምታ ካርድና ካገኘችው ቁራጭ ሁሉ ካርድ ትቆርጥ ነበር። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየጻፈች በሲጋራ ካርቶን ውስጥ ትደረድራቸዋለች። ፍቺውን ሳታይ እ.ኤ.አ. በ1950 አረፈች። ስሟ ሲረሳ ያንገበግበኛል። ቬንትሪስም ካገኘው በኋላ ጆን ቻድዊክ ከሚባል የግሪክ ቋንቋ ምሁር ጋር ነው የሠራው። በትርፍ ጊዜ የተሠራ የሚመስለው ነገር ሥር የሰለጠነ ሰው ዕድሜ አለበት።

የሥነ ልሳን ተማሪው፦ ሁለታችሁም ኮምፒውተርን የደሞዝ ነገር ብቻ አደረጋችሁት። የእጅ ጽሑፍ ፎቶ አይቶ ወደ ፊደል የሚለውጥ ትራንስክሪቡስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ያለ እሱ ዓመት የሚፈጅ ሥራ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ታሪክና ኮምፒውተር አብረው ይሄዳሉ።

መምህርቷ፦ ይሄዳሉ። ነገር ግን ማሽኑ የሚማረው ሰው በትክክል አንብቦ ከሰጠው ገጽ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ማሽኑ ሲሳሳትም አያውቅበትም።

አድቫይዘር (የተማሪዎች የኮርስ አማካሪ) የነበረ፦ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቋንቋ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወሰደው። አንደኛውን ሳትጨርሺ ሁለተኛው አይሰጥሽም፣ ብዙ ቦታም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚከፈተው። አንድ ሴሚስተር ካለፈሽ አንድ ዓመት አለፈሽ ማለት ነው። አካውንቲንግ መግቢያን ግን መጨረሻ ዓመት ላይም ትወስጂዋለሽ። ደግሞ ለሜጀርም ለማይነርም የሚቆጠር ኮርስ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ሳትመዘገቢ ጠይቂ።

ጠያቂዋ፦ የመጨረሻው ነገር አስደነገጠኝ። ቅደም ተከተሉን አስቤው አላውቅም። ግእዙን አሁን እጀምራለሁ። ለአባቴ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፤ «ነበረ»ን አሳይቼው ነው የምጀምረው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን ካሉሽ ኢሌክቲቮች (በምርጫሽ የምትወስጂያቸው ኮርሶች) ሁለቱን አካውንቲንግ አድርጊያቸው። ሲከብድሽ ጻፊልኝ፣ እኔ አስረዳሻለሁ።