የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ክፍተት እየጠበበ አስቸገረኝ

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. የ1967 ቮልስዋገኔን በትርፍ ጊዜዬ ቤት ውስጥ ማደስ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ቦዲው አልቋል፤ የተቸገርኩት በ1500 ሲሲ ሞተሩ ነው።

የቫልቭ ክፍተቱን (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለውን) ሞተሩ ጨርሶ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክላለሁ። ሰባቱ ቫልቮች እንዳስተካከልኳቸው ይቆያሉ። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ግን 500 ኪሎ ሜትር ሳልነዳ ወደ 0.05 ይወርዳል። ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ጠበበ።

በዚህ ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው የሞቀ አየር መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ የማራገቢያውን ቺንጋ አጠበቅኩ፣ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን የአየር መከላከያ ጎማ ቀየርኩ፣ የጎደሉትን የአየር መምሪያ ላሜራዎች መለስኩ። ምንም ለውጥ የለም።

የቫልቩ ጭንቅላት ተበጥሶ ፒስተኑን እንዳይበሳው ፈርቼ መኪናዋን አቁሜያታለሁ። በጣም ነው የምወዳት።

የቫልቩ ዘንግ እየተሳበ ነው ወይስ መቀመጫው እየሰመጠ? ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ሳልፈታ መለየት ይቻላል? ሞተሩን ማውረድ ግድ ከሆነስ፣ ይህን አንዱን ብቻ ልቀይር ወይስ አራቱንም የጭስ ማውጫ ቫልቮች? የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ ስትፈቱት ምን እንዳገኛችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።